ሁለት ካርታ ቆጣሪ በአንድ ጠረጴዛ፦ ማን ይነሳ?

ብላክጃክ በተባለው የካዚኖ ካርታ ጨዋታ ላይ ካርታ የሚቆጥር ሰው፣ ማለትም የወጡትን ካርታዎች እየተከታተለ የቀሩት ለተጫዋች ሲያደሉ ውርርዱን የሚያሳድግ ሰው፣ ትርፉን የሚያገኘው ከካዚኖው እንጂ አጠገቡ ከተቀመጠው ተጫዋች አይደለም። እንዲህ ከሆነ ሁለት ቆጣሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ የሚጣሉበት ነገር ያለ አይመስልም። ግን አለ። የሚሻሙት ካርታውን ነው፤ ቆጠራው ከፍ ካለ፣ ማለትም በቀሩት ውስጥ አስና ባለ 10 ካርታ ከበዛ በኋላ፣ ዲለሩ (የካዚኖው አዳይ) በሚያወጣበት ሳጥን ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ካርታዎች።

በቁጥር እንየው። ባለ 6 ዴክ (አንዱ ዴክ 52 ካርታ ነው) ጨዋታ 312 ካርታ አለው። መቁረጫው ካርታ 75 ከመቶው ላይ ከገባ 234ቱ ይወጣሉ፣ ከዚያ ይበወዛል። ቆጠራው ከፍ ያለው መቁረጫው ሊደርስ 78 ካርታ ሲቀረው ነው እንበል። አንድ እጅ በአማካይ 2.7 ካርታ ያህል ይወስዳል። ሁለታችሁም አንድ አንድ እጅ ከያዛችሁ ከዲለሩ ጋር 3 እጅ ይሆናል፤ 9.6 ዙር ያህል ትጫወታላችሁ። አሁን አንተ ወደ ሁለት እጅ ብትሰፋስ? ሁለቱም እጆችህ የሚፋለሙት ከዚያው ከአንድ የዲለር እጅ ጋር ስለሆነ፣ ስጋቱ እንዳይጨምር በእያንዳንዱ ላይ የምታስቀምጠው የአንዱን እጅ ውርርድ 73 ከመቶ ያህል ነው፤ ድምሩ 1.46 ይሆናል። ዙሩ ግን ወደ 7.2 ይወርዳል። አንተ በጠቅላላ 10.5 ውርርድ ታሳልፋለህ፣ ጎረቤትህ 7.2 ብቻ። ያንተ ጭማሪ አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም፤ የእሱ ጉዳት ግን ሩብ ነው። እሱም ተናዶ ሁለት እጅ ከዘረጋ ጠረጴዛው 5 እጅ ይሆንና 5.8 ዙር ብቻ ይቀራል፤ ሁለታችሁም 8.4 ላይ ትቀራላችሁ። ዝም ብላችሁ አንድ አንድ እጅ ብትጫወቱ 9.6 ነበር። የጠረጴዛው ጸብ ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው፤ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይሰፋል፣ ሁለቱም ይከስራሉ። (ብቻህን ከዲለሩ ጋር ስትሆን ደግሞ ሁለት እጅ መያዝ ምንም አይጠቅምም፤ 14.4 የነበረው ወደ 14.1 ይወርዳል።)

ጎረቤትህ ቆጣሪ መሆኑን ለማወቅ አትቸኩል። ውርርዱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሁሉ ቆጣሪ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲያሸንፍ ይጨምራል፣ ሲሸነፍ ለማስመለስ ይጨምራል። የምትፈልገው የውርርዱ ለውጥ ከአንተ ቆጠራ ጋር መሄዱን ነው። አንድ ሙሉ ሳጥን እስኪያልቅ ተከታተለው። ከተበወዘ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ውርርድ ይመለሳል? ያሸነፈም የተሸነፈም? ከውርርዱ በላይ የሚያጋልጠው አጨዋወቱ ነው። 16 ይዞ ዲለሩ 10 ሲያሳይ፣ ቆጠራው ከዜሮ በታች ሲሆን ካርታ የሚጨምር፣ ከዜሮ በላይ ሲሆን የሚቆም ከሆነ፤ 12 ይዞ በዲለሩ 3 ላይ ትሩ ካውንቱ (ጥሬ ቆጠራው ለቀሩት ዴኮች ብዛት ሲካፈል የሚገኘው) 2 ሲደርስ ብቻ የሚቆም ከሆነ፤ ዓይኑም ደጋግሞ ወደ ተጣሉት ካርታዎች መደርደሪያ የሚሄድ ከሆነ ጥርጣሬው አብቅቷል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ አይተህ አትፍረድ።

ማን ይነሳ ለሚለው ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ቀድሞ የተቀመጠው ይቆያል፣ ኋላ የመጣው የያዘውን ሳጥን ጨርሶ ሲበወዝ ይነሳል። ማን ጎበዝ፣ የማን ካፒታል ትልቅ የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ የሚብሰው ጥፋት ግን ሳጥኑ መሃል ላይ ዘሎ መግባት ነው። ከኋላ ቆሞ ቆጥሮ፣ ጥሩ ሲሆን መቀመጥ ራሱ የታወቀ ስልት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ቆጣሪ ከሌለ ማንንም አይበድልም። ካለ ግን፣ ያ ሰው መጥፎዎቹን ዙሮች በትንሽ ውርርድ እየከፈለ ያሳለፋቸው ይህን ሰዓት ሲጠብቅ ነው። አንተ ምንም ሳትከፍል የሰዓቱን ሩብ ወይም ሲሶ ትወስድበታለህ። መዘዙ በዚህ አያበቃም። ውርርዱን ከፍ ያደረገ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ሌላው ትልቅ ውርርድ ይዞ ዘው ሲል ተቆጣጣሪው ሁለቱን አያይዞ ያያል፤ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ «ሳጥኑ መሃል መግባት አይቻልም» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎ ልታገኝ ትችላለህ። ያኔ ስልቱ ለማንም አይሠራም።

ሳታውቁ ተገጣጥማችሁ ሳጥኑን አብራችሁ መጨረስ ካለባችሁ፣ ትልቁ አደጋ አንድ ላይ መንቀሳቀስ ነው። መደርደሪያው ላይ ሦስት ዴክ ተኩል ተጥሏል፣ ሁለት ተኩል ቀርቷል፤ ጥሬ ቆጠራው 8 ነው፣ ትሩ ካውንቱ ከ3 ትንሽ አለፈ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለው ከ1 ቺፕ ወደ 6 ዘለለ፣ ስድስተኛው ወንበር ላይ ያለውም እንዲሁ። ዲለሩ አስ ገለጠ። አንዱ እጁ 14 ነው፣ የሌላው 9። ሁለቱም በአንድ ሰከንድ ሦስት ሦስት ቺፕ ወደ ኢንሹራንሱ (ዲለሩ ብላክጃክ፣ ማለትም አስና ባለ 10፣ ይዟል የሚል የጎን ውርርድ) መስመር ገፉ። በሃይ ሎው በተባለው የተለመደ አቆጣጠር ኢንሹራንስ ትሩ ካውንቱ ከ3 ጀምሮ ያዋጣል፣ ስለዚህ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ነገር ግን ተራ ተጫዋች ኢንሹራንስ የሚገዛው ባመዛኙ 20 ወይም ብላክጃክ ሲይዝ ነው፤ ለ14 እና ለ9 ሁለት ሰው በአንዴ መግዛቱን ላየ ካሜራ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

መፍትሔው ኢንሹራንሱን መተው አይደለም፤ ብትተወው የምታጣው ገንዘብ ነው። ጎረቤትህ እጁን ሲዘረጋ አይተህ፣ ዲለሩ ሊዘጋው ሲል አስቀምጥ። ውርርድ ስትጨምርም ያሸነፍከውን ቺፕ እዚያው በመተው ጨምር እንጂ በአንድ ዙር ከ1 ወደ 6 አትዝለል። ቆጠራው ሲወርድም ያው ነው፤ እሱ ስልክ ላናግር ብሎ ከተነሳ አንተ ሁለት ሦስት ዙር በዝቅተኛው ቆይተህ ተነስ።

አፍህንም ጠብቅ። ዲለሩም ተቆጣጣሪውም ስለሚሰሙ ጠረጴዛ ላይ ስለ ቆጠራ አንዲት ቃል አታውጣ። ጥቅሻ፣ ፈገግታ፣ «ገብቶኛል» የሚል ጭንቅላት መነቅነቅ ሁሉ ይቅር። ጎረቤትህ ተሳስቶ ቢጫወት አታርመው፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ያለው «የዲለሩን ካርታ ወሰደው» የሚለው ወቀሳ ደግሞ ከቆጣሪ አፍ ሊወጣ አይገባም፤ በረጅሙ የሌላው ሰው አጨዋወት አይጎዳህም፣ አይጠቅምህምም። ስሙን ካወቅህ በስሙ አትጥራው፤ ሌላ ካዚኖ ውስጥ በሌላ ስም ይጫወት ይሆናል።

ኋላ መጥቶ አልነሳ ያለ፣ ይባስ ብሎ ሁለት እጅ የዘረጋ ሰው ሲገጥምህስ? አንድ ሳጥን ታገሰው፤ ምናልባት አላወቀህም። ሁለተኛውም ላይ ከቀጠለ ራስህ ተነሳ። ያናድዳል፣ መብቱ ያንተ ነበር፤ ግን 8.4 ላይ ተያይዞ ከመቅረት ሌላ ጠረጴዛ ይሻላል። ማናገር ካስፈለገ ከካዚኖው ቅጥር ውጭ ይሁን፤ አሳንሰርና የመኪና ማቆሚያ ውስጥም ካሜራ አለ። ንግግሩም አጭር ይሁን፦ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ፤ ወይም አንዱ ይህን ካዚኖ፣ ሌላው ያንን። ካፒታል እንቀላቅል የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አይነሳም። ቀድማችሁ ካፒታል የጋራ ካደረጋችሁ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስትሆኑ እያንዳንዳችሁ ውርርዱን ወደ ሦስት አራተኛ አውርዱ፤ ዲለሩ 21 ሲያወጣ የሁለታችሁም ኪሳራ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ገንዘባችሁ ለየብቻ ከሆነ መቀነስ አያስፈልግም።

በአንድ ዴክ የሚጫወት ጠረጴዛ ላይ ግን መታገስ የሚባል የለም፣ ወዲያው ተነሳ። በተለመደው አደላደል የተጫዋቹና የዙሩ ብዛት ሲደመር 6 ነው፤ ብቻውን 5 ዙር ያገኝ የነበረው ሰው አንተ ስትጨመር 4 ይቀረዋል።

ተቆጣጣሪው አንዳችሁ ላይ ቢነቃስ? ኔቫዳ ውስጥ በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል ባይሆንም ካዚኖው አትጫወት ማለት ይችላል። አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ደግሞ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. በታዋቂው ቆጣሪ በኬን ዩስተን ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ካዚኖ ቆጣሪን በመቁጠሩ ብቻ ማባረር አይችልም፤ በምትኩ ቀድሞ ይበውዛል፣ ያም ሁለታችሁንም ይመታል። ጎረቤትህን ትከሻውን ነክተው ሲያስነሱት ቀና ብለህ አትይ፣ ተከትለኸውም አትውጣ። ሳጥኑን በዝቅተኛው ውርርድ ጨርስ፣ ቺፕህን በኪስህ ያዝ፣ ገንዘብ መቀየሪያው መስኮት ጋ እሱ ከቆመ ሌላ ቀን ተመልሰህ ቀይር።