ጥሩር ለብሶ ባሕር መውጣት፦ ለባሕር ጀብዱ ጨዋታ መሪዎች

ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን፣ የባሕር ጀብዱ የሚካሄድበትን ምናባዊ የሚና ጨዋታ የሚመራ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከቁሩ እስከ ገምባሌው ብረት የለበሰውን ተዋጊ ማዕበል አንሸራትቶ ባሕር ውስጥ ቢጥለው ምን ይሆናል? አንዳንዱ መሪ «ሰጠምክ» ብሎ የተጫዋቹን የገጸ ባሕርይ ወረቀት ይሰበስባል፤ ሌላው ደግሞ ጥሩሩን ከሸሚዝ ሳይለይ ያስዋኘዋል። በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ከዚያ ቀን ወዲያ ጥሩር የሚለብስ አይገኝም፤ በሁለተኛው ላይ ባሕሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ለእኔ የሠራልኝ መንገድ ከክብደቱ ይልቅ ጊዜውን መቁጠር ነው፤ ይኸውም ጥሩሩ መቼ ተለበሰ፣ ለማውለቅ ስንት ዙር (የጨዋታ ተራ) ይፈጃል፣ በአጠገብስ የሚያግዝ ማን አለ የሚሉትን ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ትዕይንት መያዝ ነው።

ቁር፣ ጥሩርና ገምባሌ የሚሉትን ቃላት አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ከጎልያድ ታሪክ ስለሆነ እዚህም በዚያው ትርጉም እጠቀምባቸዋለሁ፤ ቁር ለራስ፣ ጥሩር ለደረትና ለሆድ፣ ገምባሌ ለቅልጥም ነው። በዚያው ምዕራፍ ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ስላልለመደው ማውለቁ ለጨዋታም ይጠቅማል፤ ከሞተ ጠላት ላይ የተገፈፈ ጥሩር የለበሰ ገጸ ባሕርይ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት እንደ ባለቤቱ ሊንቀሳቀስበት አይገባም።

ብረቱ በወለል ላይና በውኃ ውስጥ

በ15ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ይሠራ የነበረ ሙሉ የብረት ልብስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከብረት ቀለበቶች የተጠላለፈ እጀ ጠባብ ደግሞ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ክብደቱ በትከሻ፣ በወገብና በእግር ላይ ስለሚከፋፈል የለመደ ሰው ይሮጥበታል፣ ወድቆ ይነሣበታል፣ መሰላልም ይወጣበታል። ስለዚህ በመርከብ ወለል ላይ ቆሞ የሚዋጋን ሰው በክብደቱ ብቻ መቅጣት አግባብ አይደለም። እርጥቡን እንጨት፣ የወለሉን መወዛወዝና ቁሩ የሚጋርደውን እይታ ማስታወስ ይበቃል።

ውኃ ውስጥ ሒሳቡ ይለወጣል። ሳንባውን አየር የሞላ ሰው የሚንሳፈፍበት ትርፍ ኃይል ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፤ ብረት ደግሞ ውኃ ሲገባ የሚቀንሰው የክብደቱን አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። 20 ኪሎ የነበረው 17 ኪሎ ተኩል፣ 10 ኪሎ የነበረው ወደ 9 ኪሎ ሆኖ ወደ ታች ይጎትታል። ተጫዋቾች «የእኔ እኮ ቀላሉ ነው» የሚሉት ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሁለቱም ያሰጥማሉ፣ የሚለያዩት በፍጥነት ነው። ከብረቱ ሥር የሚለበሰው ጥጥ የታጨቀበት ድርብ ልብስ ጠባዩ ሌላ ነው። ውኃ ጠጥቶ ሲርስ በባሕሩ ውስጥ ብዙም አይጎትትም፤ ሰውየው በገመድ ተስቦ ከውኃው ሲወጣ ግን የጠጣው ውኃ ሁሉ ክብደት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ጓደኞቹ ሊያወጡት የሞከሩትን ሰው ሦስተኛ እንዲጨምሩበት ማስገደድ ይቻላል።

ከዚህ ውጭ የሆነ ምሳሌ አለ። በጃፓን ጥሩር ለብሶ መዋኘት ለሳሙራይ የሚሰጥ ትምህርት ነበር፤ ዛሬም በትርኢት መልክ ይታያል። በጨዋታው ውስጥም ይህ ለማንም በነጻ የሚሰጥ ሳይሆን ነጥብ የሚከፈልበት ልዩ ሥልጠና ቢሆን ደስ ይለኛል።

የማውለቂያ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የታወቀ የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም ጥሩ ቁጥሮች ይሰጣል፣ ብዙ መሪዎች ግን ገልብጠው አያዩአቸውም። በዚያ ሕግ ከባድ ጥሩር ለመልበስ 10 ደቂቃ፣ ለማውለቅ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ረዳት ካለ ማውለቂያው በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ዙር 6 ሰከንድ ስለሆነ 5 ደቂቃ ማለት 50 ዙር ነው። በሌላ በኩል አንድ ገጸ ባሕርይ ትንፋሹን የሚይዘው ለአንድ ደቂቃና የጥንካሬው (በሕጉ «ኮንስቲትዩሽን» የሚባለው የአካል ጽናት) ጭማሪ በሚሰጠው ተጨማሪ ደቂቃ ያህል ነው። ጭማሪው 2 የሆነ ጠንካራ ተዋጊ ለ3 ደቂቃ ይታገሣል፤ ብቻውን ከሆነ በአራተኛው ደቂቃ ገና ማሰሪያ እየፈታ ትንፋሹ ያልቅበታል። ጓደኛው ጠልቆ ከደረሰለት ግን ማውለቂያው 2 ደቂቃ ተኩል ይሆንና ለመውጫ ግማሽ ደቂቃ ይተርፈዋል። አዲስ ሕግ መፍጠር ሳያስፈልግ ትዕይንቱ ራሱ ተሠርቶ ተገኘ ማለት ነው።

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የቆዳ ማሰሪያ ሲርስ ያብጣል፣ ቋጠሮውም ይጠብቃል፤ በዚያ ላይ ጨለማ አለ፣ የቀዘቀዘ ጣትም አለ። የደረት ጥሩር የለበሰ ሰው በወገቡ ጩቤ ካለው በሁለቱ ትከሻዎችና በወገቡ ያሉትን ማሰሪያዎች ሊበጥስ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ማሰሪያ አንድ ዙርና አንድ የዳይስ ውርወራ እጠይቃለሁ። ከተሳካለት ነፍሱን ያተርፋል፣ ጥሩሩ ግን ባሕሩ ወለል ላይ ይቀራል። የቀለበት ጥሩር የለበሰው ይህ ዕድል የለውም፤ ብረቱ በጩቤ አይቆረጥም፣ ሊያወልቅ የሚችለው ጎንበስ ብሎ በራሱ ላይ በመግፈፍ ነው። በሁለቱ የጥሩር ዓይነቶች መካከል እውነተኛ ምርጫ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በእኛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ተጫዋች ሁለቱን የትከሻ ማሰሪያዎች በጥሶ ሦስተኛው ላይ ጩቤው ከእጁ አመለጠው፤ ለቀጣዮቹ አራት ዙሮች የተናገረ ሰው አልነበረም።

ማን ይለብሳል፣ መቼስ ይለብሳል

ሸራ የሚሰቅል መርከበኛና ቀዛፊ ጥሩር አይለብሱም፤ ሥራቸው አይፈቅድም፣ ሙቀቱም አያስቀምጥም። የሚለብሱት በመርከቡ ላይ የተጫኑት ወታደሮች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ውጊያ ሲቃረብ እንጂ ሲውሉ ሲያድሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1571 በሌፓንቶ የተካሄደውን የመሰለ የቀዛፊ መርከቦች ውጊያ ላይ መርከቦቹ ሲጣበቁ ወለሉ የእግረኛ ጦር ሜዳ ስለሚሆን ጥሩሩ ዋጋውን ያገኛል።

ባሕር ላይ ድንገተኛ ጥቃት ብርቅ ነው። ከውኃው 20 ሜትር ከፍ ብሎ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ጠባቂ አድማሱን የሚያየው 16 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ የጠላት መርከብ ርቀቱን በሰዓት በ8 ኪሎ ሜትር ቢያጠብብ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሸራ መታየቱን ተናግረህ ወዲያው «ምን ለብሳችኋል?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም በወረቀት ላይ ጻፍ፤ በኋላ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ያስቀርልሃል። ጭጋግና ሌሊት ይህን ሁለት ሰዓት ሲነጥቁ ደግሞ ተጫዋቾቹ ራቁታቸውን የተያዙ ያህል ይሰማቸዋል፤ ነገር ግን በአንድ ዘመቻ ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አትጠቀምበት።

አለመልበስም ዋጋ ያስከፍላል። የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1066 በእንግሊዝ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ በድንገት ሲጠቃ፣ ቀኑ ሞቃት ስለነበረ ብዙዎቹ ሰዎቹ ጥሩራቸውን ከመርከቦቹ ጋር ትተው ነበር የመጡት። ንጉሡ በዚያው ቀን ተገደለ።

ወደ ባሕር ዳርቻ መውረድ

የመሬት ማረፊያ ትዕይንት ለሚያዘጋጅ መሪ ከፖርቱጋላዊው አሳሽ ከማጄላን አሟሟት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1521 በፊሊፒንስ ማክታን ደሴት ጀልባዎቹ በድንጋዩና በውኃው ማነስ ምክንያት ወደ ዳርቻው መጠጋት ስላልቻሉ፣ 49 ሰዎች ውኃው ጭናቸው ድረስ እየደረሰ በእግራቸው ወረዱ። ደረታቸውና ራሳቸው በብረት ተሸፍኖ ነበር፣ እግራቸው ግን ባዶ ነበር። የደሴቲቱ ተዋጊዎች ይህን አይተው ፍላጻቸውንና ጦራቸውን ወደ እግር አዞሩ፤ ማጄላንም መጀመሪያ ቀኝ እግሩ ላይ በተመረዘ ፍላጻ ተወጋ። ገምባሌን ትቶ የወረደ ገጸ ባሕርይ በውኃ ውስጥ ቀልጠፍ ይበል፣ ጠላቶቹ ግን ሞኞች እንዳልሆኑ ይታወቅ። ጥበቃውን በአንድ ቁጥር ብቻ ከመያዝ ለላይኛውና ለታችኛው አካል ሁለት ቁጥር መስጠት ለእንዲህ ዓይነቱ ትዕይንት ይበቃል።

ዝገትና ሌሎች አማራጮች

ጨው የነካው ብረት በቀናት ውስጥ ይዝጋል። የቀለበት ጥሩር አሸዋና ኮምጣጤ በያዘ በርሜል ውስጥ እየተንከባለለ ይጸዳል፤ ከብረት ሰሌዳ የተሠራው ጥሩር ዘይት ይቀባል ወይም ቀለም ይቀባል፤ ጃፓኖች ደግሞ ብረቱን በላከር (ከዛፍ ሙጫ በሚሠራ ቅብ) ይሸፍኑት ነበር። ይህን በየዕለቱ አታስቆጥር። ወደብ ሲደረስ ዘይት ያልገዛ ተጫዋች አንድ የጥበቃ ነጥብ ይቀነስበት፣ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1545 በፖርትስመዝ አጠገብ ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የመርከበኞች የቆዳ ሰደርያዎች ወጥተዋል፤ ለተራ የባሕር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ልብስ አያስፈልግም። ያችው መርከብ ሌላም ታስተምራለች፤ ጠላት እንዳይዘልባት በወለሏ ላይ የተዘረጋው መረብ ራሳቸውን መርከበኞቹን ከታች አስቀርቷቸው ከ400 በላይ ከነበሩት የተረፉት 40 እንኳ አይሞሉም።

ምናባዊ ደሴቶች ለምትፈጥር ደግሞ የኪሪባቲን የጦር ልብስ ተመልከት። የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴተኞች ከኮኮናት ቃጫ ጠንካራ ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ከጀርባው ወደ ላይ ወጥቶ ራስን የሚከልል ሰሌዳ አለው፣ ቁሩም እሾኻማ ከሆነው ዓሣ ደረቅ ቆዳ ይሠራል፣ የሚገጥመው የጠላት ጦርና ሰይፍ ደግሞ ጠርዙ ላይ የሻርክ ጥርስ የተሰካበት ነው። ቃጫው አይዝግም፣ እንደ ብረትም ወደ ታች አይጎትትም። በጨዋታው ውስጥ ከብረት ያነሰ ጥበቃ ስጠው፤ የማውለቂያውን ሰዓት ግን ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው አትቁጠርበት።