የወረደ የባጃጅ ሞተር ቤት እንዴት እንደሚጸዳ

ጅማ ክረምት ሲገባ የባጃጅ ሞተር መልኩ ይጠፋል። ቀዩ ጭቃ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሀል ይገባል፣ በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል፣ የሚያንጠባጥበው ዘይት ደግሞ ከላዩ ይለጠፍበታል። ሁለት ሦስት ክረምት ያሳለፈ ሞተር ሲወርድ አሉሚኒየም ይሁን ሸክላ አይለይም።

እዚህ የምጽፈው ኮሎውን (ፒስተኑ የሚያሽከረክረውን ዋና ዘንግ)፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ስለያዘው የአሉሚኒየም ቤት ነው። ፒስተንና ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። የቤቱ እጥበት ግን ለልጅ ይሰጣል፣ «እጠብና አምጣ» ተብሎ። እኔም ሥራውን የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ዛሬ ግን ለማንም አልሰጠውም።

ሳይከፈት በፊት

መጀመሪያ ውጪውን እጠቡ። የካርቡሬተሩን መግቢያና የማርሚታውን ቀዳዳ በንጹህ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ዝጉ። ደረቁን ጭቃ በእንጨት ፈንቅሉት። ናፍጣ ቀቡት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ በብሩሽ ፈትጋችሁ አለቅልቁት። ቀዳዳዎቹ በደንብ ከተዘጉ ላቫጆ መውሰድም ይቻላል።

ከዚያ ይፈታል። ስለ አፈታቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የብሎኖቹ ቁመት ይለያያል። ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰኩት። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ገብቶ ሲጠብቅ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በምን ይታጠብ?

ነጭ ጋዝ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ ቤቱን አሳድሩት። ጠዋት በጥርስ ብሩሽና በቀለም ብሩሽ ስትፈትጉት አብዛኛው ይለቃል። ናፍጣም ይሠራል፣ ግን ቅባቱን ትቶ ስለሚሄድ በኋላ ያደክማል። ቤንዚን ቶሎ ያጸዳል፣ እኔ ግን አልወደውም። ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ ቡና የሚፈላበት ከሰል አይጠፋም። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳቱ ዘንድ ይደርሳል።

ኮስቲክ ሶዳ ግን በፍጹም። ብረት ላይ ቀለምና ቅባት ያነሳል፤ አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል። ሲነካው ይፈላል፣ ይጠቁራል፣ የሚወጣው ጋዝም ሃይድሮጂን ነው፤ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። በረኪናም ለአሉሚኒየም አይሆንም። ከነጭ ጋዙ በኋላ ሙቅ ውሃና ኦሞ ይበቃል። እሱንም ቢሆን ታጥቦ ወዲያው ማለቅለቅ ነው፣ አይደር።

ኩሽኔታዎቹን (ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን የብረት ቀለበቶች) ሳታወጡ ጸዳ አትበሉ። ከሥራቸው ያለው ቆሻሻ አይታይም። ለማውጣት መዶሻ የሚያነሱ አሉ፤ እባካችሁ አታንሱ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ ዘዴው ቤቱን ማሞቅ ነው። እኔ ለዚህ ሥራ ብቻ የያዝኩት አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ታጥቦ በደንብ የደረቀውን ቤት አስቀምጥበታለሁ። ጠብታ ውሃ ሲያርፍበት «ጭስስ» ብሎ ከጮኸ ደርሷል። ማሰሪያ ብሎን ካለው አስቀድሞ ይፈታል። ከዚያ ኩሽኔታው አንዳንዴ በራሱ ክብደት ይወድቃል፣ ካልሆነ በእንጨት ነካ ነካ ይደረጋል።

የጓርኒሲዮን ቅሪት

ሁለቱ የቤቱ ግማሾች የሚገናኙበት ፊት ላይ አሮጌ ጓርኒሲዮን (በመሀላቸው የሚገባው ማሸጊያ) እና ሲሊኮን ተጣብቆ ይቀራል። ካቻቢቴ ይዞ መቧጨር የሚያምራችሁ እዚህ ጋ ነው። አንድ ጭረት ዘይት ለማንጠባጠብ ይበቃል። እንደ አሮጌው የዲቲ 125 ሞተርሳይክል ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይማ የባሰ ነው። ነዳጅና አየሩ መጀመሪያ የሚታመቀው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ በጭረቱ ትርፍ አየር ይገባል፣ ነዳጁ ይቀጥናል፣ ፒስተኑ ግሎ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቀራል። ቲነር በጨርቅ አርሳችሁ አስቀምጡበትና ጠብቁ። ከዚያ ጫፉ በተሳለ ቀርከሃ ግፉት። ቀርከሃ ከአሉሚኒየም ስለሚለሰልስ አይጭርም። ግትር ካለ ምላጭ አስተኝታችሁ ተጠቀሙ። ሞረድ አታስጠጉ።

የማይታየው ቀዳዳ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን።

ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ሹፌር ባጃጁን አመጣልኝ። ከአጅፕ መርካቶ የሚሠራ፣ የአራት ልጆች አባት። ቤቱን ስከፍተው ከሰል መስሏል። ሰውየውን ላስደስተው ብዬ እናቶች ድስት እንደሚፈትጉት በደቃቅ አሸዋና በኦሞ ፈተግኩት። አዲስ መሰለ። በውሃ አለቀለቅኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩ፣ ገጠምኩ። በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ እያንኳኳ ተመለሰ።

ስከፍተው የቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታ ተበልቷል። ከዘይት ፓምፑ የሚነሳውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ስነካካው ሽቦው ጫፉ ላይ ግራጫ ነገር ይዞ ወጣ። በሁለት ጣቶቼ መሀል አሸሁት፤ ይቆረቁራል። እኔው የፈተግኩበት አሸዋ ነው። ኮሎውን ከኪሴ ገዛሁለት። ሥራ ፈትቶ የቆመባቸውን ቀናት ግን ልመልስለት አልቻልኩም። እስካሁን ያሳዝነኛል።

የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮ፣ አይዘውም ወይ ትሉ ይሆናል። ፊልትሮ የሚይዘው ወደ እሱ የሚመጣውን ነው። ከፊልትሮው ወዲያ ባለው ቀዳዳ የተቀመጠ አሸዋ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ገፍቶት በቀጥታ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። የሚያግደው ነገር የለም።

እነዚህ ቀዳዳዎች ፋብሪካ ውስጥ በመሰርሰሪያ የተበሱ ናቸው። ከውጪ ይገባል፣ ወደ ጎን ከሚሄድ ሌላ ቀዳዳ ጋር ይገናኛል፣ የውጪው አፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በብሎን ይደፈናል። ቆሻሻው የሚከማቸው ቀዳዳው መገናኛውን አልፎ በሚሄድባት አጭር ጫፍ ላይ ነው። ዘይቱ ይታጠፋል፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የመድፈኛውን ብሎን ሳትፈቱ ጸዳ ማለት አይቻልም። እምቢ ካለ ቤቱን አሙቁት።

ከዚያ በትልቅ ሲሪንጅ ነጭ ጋዝ በአንዱ አፍ ግፉና በየት እንደሚወጣ እዩ። የገባበትንና የወጣበትን ወረቀት ላይ ሳሉ፤ መውጫው ያልተገኘ ቀዳዳ ካለ ወይ ተደፍኗል ወይ ሌላ የመድፈኛ ብሎን አለ። ለመፈተግ የብስክሌት ፍሬን ካቦ ጫፉን በታትናችሁ እያሽከረከራችሁ አስገቡ። ጥሩ ብሩሽ ይሆናል። ቀዳዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ሲባጎ አሳልፋችሁ ነጭ የጨርቅ ቁራጭ እሰሩበትና ጎትቱ። የእኔ መለኪያ እሱ ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እደግመዋለሁ። አምስት ጊዜ የደገምኩበት ቀን አለ።

በመጨረሻ በኮምፕረሰር ይነፋል፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ከሌላችሁ ጎሚስታ ቤት ውሰዱት። መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ አስነፉ፣ ምክንያቱም የኮምፕረሰር አየር ውሃ ይዞ ይመጣል። መነጽር አድርጉ። ከዚያ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በቀዳዳው ወዲያ ማዶ ብርሃኑን ፈልጉ። የመድፈኛ ብሎኖቹን መልሱ። አንዱ ከተረሳ ዘይቱ በዚያ ይፈሳል።

ስንጥቅ መፈተሽ

ውጪውን በውሃ በተበጠበጠ ጠመኔ ቀብታችሁ አድርቁ። ከውስጥ ነጭ ጋዝ ቀቡና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ስንጥቅ ካለ ጠመኔው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል። ከተገኘ አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ጋ መሄድ ነው፤ ሙጫ አትመኑ። ጠመኔውንም በደንብ እጠቡት።

መገጠሚያው ቀን ከራቀ ቤቱን ስስ ዘይት ቀቡና በንጹህ ፕላስቲክ ጠቅልሉ። አሉሚኒየሙ ባይዝግም በላዩ የቀሩት የብረት ብሎኖች በጅማ እርጥበት ሁለት ሳምንት አይሞላቸውም። መሬት ላይ የፈሰሰውን ዘይት በቡና ገለባ አስመጥጡት። የታጠበበትን ነጭ ጋዝ ጀሪካን ውስጥ አስቀምጡ፤ ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ለሚቀጥለው ሞተር የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል። ወደ አዌቱ ወንዝ የሚሄድ ቦይ ውስጥ ግን አትድፉ፣ ከታች በዚያ ውሃ ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ።

ሞተሩ ተገጥሞ ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ቀይሩት። እኔ ባጃጁ ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ አስመልሰዋለሁ። ዘይቱን ነጭ ሳፋ ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ፣ ከሥሩም ማግኔት አንቀሳቅሳለሁ። ማግኔት አሸዋ ስለማይስብ የዘቀጠውን ደግሞ በጣቴ አሸዋለሁ። ካልቆረቆረ ቁልፉን ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ።