ስኳር ሳይታወቅብን እንዳይቆይ፦ ምርመራውን እንዴት እናድርግ?

አክስቴ ደረጃ ስትወጣ ነጠላ ጫማዋ ከአንድ እግሯ ወልቆ ቀረ። እሷ አላወቀችም። ልጇ ከኋላ አንስታ «እማዬ፣ ጫማሽን ጥለሽ ወዴት ነው?» ስትላት ነው ዞር ብላ ያየችው። ስትመረመር ስኳር ተገኘባት። ሐኪሙ እግሯን እስኪያደነዝዘው ድረስ ለዓመታት አብሯት ሳይኖር እንዳልቀረ ነገራት። በነዚያ ዓመታት አንድም ቀን «አሞኛል» ብላ አታውቅም።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንዲህ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚገባው። ስለዚህ ምልክት አይጠብቁ።

መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህትዎ ስኳር አለባቸው? ደም ግፊት አለብዎት? ቦርጭ አውጥተዋል? በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶብዎት ነበር? ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ወልደዋል? አንዱ እንኳ ካለ ዕድሜዎን ሳይቆጥሩ ይመርመሩ። ምንም ባይኖርም ከ35 ዓመት ጀምሮ መታየት ጥሩ ነው። «ቀጭን ነኝ፣ እኔን አይዘኝም» የሚል ሰው በጣም ያሳስበኛል። በአገራችን ስኳር ያለባቸው ቀጫጭን ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቀላሉ ምርመራ በባዶ ሆድ የሚደረገው ነው። ከራት በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም አይቅመሱ። ውሃ ብቻ ይፈቀዳል። ቡና፣ ስኳር ባይገባበትም፣ ከምርመራው በኋላ ይድረስ። ጿሚ ከሆኑ ረቡዕ ወይም አርብ ጠዋት ይመቻል፤ መቼም ቁርስ አይበሉም።

ፋርማሲ ውስጥ ጣት ተወግቶ የሚለካውም ይረዳል። ግን አስቀድመው እጅዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ብርቱካን ልጦ የመጣ ጣት ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ከፍ ካለ ላቦራቶሪ ሄደው ከክንድ ደም ይስጡ።

ውጤቱ ሲመጣ «ደህና ነው» የሚል ቃል ብቻ ይዘው አይውጡ። ቁጥሩን ይጠይቁ። በባዶ ሆድ በዴሲ ሊትር ደም ከ100 ሚሊ ግራም በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ ነዎት ማለት ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ ምልክት ከሌለዎት ግን በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። አውሮፓ ያላችሁ ወረቀቱ ላይ 7 የሚል ካያችሁ ያው 126 ነው፤ መለኪያው ስለሚለያይ ነው።

ኤችቢኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት የደም ስኳር አማካይ ያሳያል። መጾም አያስፈልገውም። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ደም ማነስ ካለብዎት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ ቀድመው ይንገሩ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ልጅ ውሃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካመላለሰው፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ እንደገና ከጀመረ ወይም በጥቂት ሳምንት ከከሳ በዚያው ቀን ይመርመር። ማስታወክና በኃይል መተንፈስ ከተጨመረበት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። በልጆች ላይ በሽታው ፈጣን ነው።

ጤናማ ከሆኑ በየ3 ዓመቱ፣ አፋፍ ላይ ከሆኑ በየዓመቱ ይድገሙ። ቁጥሩንና ቀኑን ስልክዎ ላይ ይጻፉት።

የአክስቴ ልጆች ሦስቱም ተመረመሩ። ጫማውን ያነሳችው ልጅ 112 ሆነች። አሁን ማታ ማታ ከእናቷ ጋር በእግር ይሄዳሉ። አክስቴ ነጠላ ጫማውን ትታ ሽፍን ጫማ ታደርጋለች፤ ማሰሪያውን የምታጠብቅላት ልጇ ናት።