ሰማይ የሚያየውን ቧንቧ ጠቅልሉ

አክስቴ ደባርቅ ነው የምትኖረው። አምና አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ቧንቧው እንቢ አለኝ። ውሃ ጠፋ እንዳልል ጎረቤቴ እየቀዳች ነው።» ሦስት ሰዓት ላይ ደግማ ደወለች። ውሃው መጥቷል። ግን በሩቢኔቱ አይደለም፣ በግድግዳው ነው።

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ከቆጣሪው ተነስቶ የማድቤቱን ግድግዳ ይዞ የሚወጣው የብረት ቧንቧ በሌሊቱ ውርጭ ልክ እንደ ባቄላ እሸት በቁመቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የጣት ርዝመት አይሞላም፣ ጥፍር አያስገባም። ግቢውን ጭቃ ያደረገው እሱ ነው። ሠራተኛ ተለምኖ፣ ዕቃ ተገዝቶ፣ ግድግዳ ተፈልፍሎ የወጣው ገንዘብ በሁለት አሮጌ ኬሻ ይድን ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ገደማ ያብጣል። መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ አንድ ቦታ ይረጋና እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ከዚያ ቡሽ እስከ ተዘጋው ሩቢኔት ድረስ ያለው ውሃ መሄጃ ያጣል፤ በረዶው ከኋላ እየገፋው ይጨናነቅና ደካማ ቦታ ፈልጎ ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ስንጥቁ ሁልጊዜ በረዶው በሠራበት ቦታ ላይ አይገኝም። ሲሰነጠቅም ወዲያው አታውቁትም። በረዶው ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ምክሩ ሁሉ የፈረንጅ አገር ነው። የቤቱን ማሞቂያ አታጥፉ፣ የምድር ቤቱን መስኮት ድፈኑ ይላል። እኛ ጋ ማሞቂያ ማለት የከሰል ምድጃ ነው። ደግሞም የኛ ብርድ ሌላ ዓይነት ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ውርጩ የሚጥለው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋት ባለችው ጊዜ ነው። ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ብርድ ስለሆነ ቀላል መጠቅለያ ይበቃዋል። ሳምንት ሙሉ በረዶ ላይ ለሚተኛ አገር የተጻፈውን ወጪ ማውጣት የለባችሁም።

ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቧንቧ በውርጭ ሲፈነዳ አላየሁም። አዘዞማ ጭራሽ ሞቃት ነው። ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ስትወጡ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም በከፍታ 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ ጎንደር ላይ ጋቢ የሚያስደርበው ሌሊት እዚያ ውሃ ያረጋል።

የትኛው ቧንቧ ነው የሚያሰጋው? ሰማይ የሚያየው። ጥርት ባለ ሌሊት ዕቃ ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጋደመ ቧንቧ ከአየሩ ራሱ በላይ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፣ ዛፍ ሥር ግን የለም። አይታችሁ ታውቁ የለ? እሱው ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ግቢያችሁ መሃል ቁሙና ቧንቧውን ከቆጣሪው ጀምራችሁ በዓይናችሁ ተከተሉት። በታዛ ሥር ያለውን እለፉት። ጣሪያ ላይ የወጣውን፣ መሬት ላይ የተጋደመውን፣ ከሮቶው ሥር ተንጠልጥሎ የሚወርደውን በኖራ ምልክት አድርጉበት።

መሬት ላይ ያለው ቀላል ነው። አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩት። አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፣ የአንድ ሌሊት ውርጭ እዚያ ድረስ አይወርድም።

ለሌላው መጠቅለያ ያስፈልጋል። የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጎኑ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጥቁር የቧንቧ ስፖንጅ ካገኛችሁ እሱን አልብሱት። ካጣችሁ ኬሻ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ የተቀደደ ጋቢ ሁሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ አታጥብቁት። ሙቀት የሚይዘው በጨርቁ መሃል ያለው አየር ነው፤ እንደ ቁስል ፋሻ ጥርቅም አድርጋችሁ ካሰራችሁት አየሩ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ጨርቁ እንዳይርስ። እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ቧንቧ ራቁቱን ካለው ብዙም አይሻልም። ስለዚህ በላዩ ላስቲክ አልብሱት፤ ስትጠቀልሉም ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ልክ እንደ ሣር ቤት ክዳን የላይኛው ዙር የታችኛውን እንዲደርብ። ከላይ ወደ ታች ከጠቀለላችሁት ጤዛው በየስፌቱ ይገባል። እኔ መጀመሪያ ተሳስቼ እንደገና ፈትቻለሁ፣ አክስቴም ቆማ ስቃብኛለች።

ሰው ቀጥ ያለውን ቧንቧ አሳምሮ ይጠቀልልና ክርኑን፣ ቫልቩን፣ ሩቢኔቱን ራቁቱን ይተወዋል። ቀድሞ የሚረጋው ደግሞ እዚያው ነው። ሩቢኔቱ ላይ ያረጀ ካልሲ አጥልቃችሁ በላዩ ፌስታል እሰሩበት፤ አያምርም፣ ይሠራል። የቆጣሪውን ሳጥን ጭድ በተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ክደኑት፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ የሚነሳ ይሁን። ማኅተሙን እንዳትነኩ።

ሮቶው ራሱ አያሳስባችሁም። ብዙ ውሃ ስለሆነ በአንድ ሌሊት አይረጋም፣ ቢበዛ ላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ በረዶ ይይዛል። ችግሩ ከሥሩ የምትወጣው ቀጭን ቧንቧ ናት። የመስመር ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ ከቆጣሪ የሚመጣው ቧንቧ ባዶውን ወይም ግማሹን ያድራል፤ ባዶ ቧንቧ ደግሞ አይፈነዳም። ፈረቃ አንድ ቀን ጠቀመን ማለት ነው! ከሮቶ የሚወርደው ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ጥቅላችሁ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚያ ላይ አውሉት።

ደጋ ላላችሁ ከመጠቅለልም የሚሻል አለ፤ ውሃውን አንጠፍጥፎ ቧንቧውን ባዶ ማሳደር። ከሮቶው ሥር አንድ ቫልቭ፣ ከመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሩቢኔት አስገቡ። ማታ ከእራት በኋላ ቫልቩን ዝጉ፣ የታችኛውን ሩቢኔት ከላይኛው ጋር አብራችሁ ክፈቱ። የላይኛው ካልተከፈተ አየር ስለማይገባ ውሃው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚወርደውን በባልዲ ያዙት፣ ለጠዋት ይሆናል። ሩቢኔት እያንጠባጠቡ ማደርም ያድናል፣ ግን ውሃ በጀሪካን በምንቆጥርበት አገር ማን አንጀቱ ይችላል?

ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ከመስታወቱ ሥር ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ፊታቸውን ለሰማይ ሰጥተው ነው የሚያድሩት። አንዳንዱ ማሞቂያ ለብርድ ተብሎ የተሠራ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። የገጠመላችሁን ሰው ጠይቁት። ያልተሠራ ከሆነ ደጋ ላይ በውርጭ ሰሞን ውሃውን አንጠፍጥፋችሁ አሳድሩት።

ከተማ ያለነውስ? እኛንም የሚነካ ነገር አለ። ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ቧንቧ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ብርድ ላይ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። የታኅሣሥ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ብትረግጡት ወይም መፍቻ ቢወድቅበት ቋ ይላል። ጥገናውን ፀሐይ ከሞቀች በኋላ አድርጉት። መጠቅለያው ከፀሐይም ስለሚያድነው እኛም ጋ ከንቱ አይደለም።

ቦይለር ደግሞ አለ። በብርድ ሰሞን ቀንና ሌሊት ይሠራል። ውሃ በሌለበት ካበራችሁት ማሞቂያው ብረት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከማብራታችሁ በፊት የሙቅ ውሃውን ሩቢኔት ከፍታችሁ ውሃ መምጣቱን እዩ። ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉ በተለይ። ጥር 11 ሊደርስ ሲል ጎንደር ውስጥ ፍራሽ ያልተነጠፈበት ሳሎን የለም፣ ሁሉም ከመታጠቢያው ደጃፍ ይሰለፋል።

ጠቅልላችሁም ቢሆን አንድ ጠዋት ቢረጋባችሁ መጀመሪያ ሩቢኔቱን ክፈቱት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቧንቧው ላይ ጣሉ፣ ከሩቢኔቱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። መሃሉን ቀድማችሁ ካቀለጣችሁት ውሃው በሁለት በረዶ መሃል ይታፈናል። የፈላ ውሃ አትድፉበት። ጋዜጣ ለኩሶ ከሥሩ የሚይዝ ጎረቤት ቢመጣ በትሕትና መልሱት፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጣሪያውም የቆመው በእንጨት ነው።

ቫልቩን ደግሞ በወር አንዴ ዝጉና ክፈቱት። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ቫልቭ በተፈለገበት ቀን አይዞርም። የአክስቴ ቫልቭ የት እንዳለ ያን ቀን ማንም አላወቀም ነበር። ግድግዳው ውሃ እየተፋ ግቢውን ሲያስሱ ቆይተው ከእንጨት ክምር ሥር አገኙት፣ እሱም ዝጎ በሁለት ሰው ጉልበት ነው የተዘጋው። አሁን እንጨቱ ሌላ ጥግ ነው የሚከመረው። ቫልቩ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራበታለች።