የሰቨርን ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ ለማየት

ሰቨርን ከዌልስ ተራራ ከፕሊንሊሞን ተነስቶ በሽሩዝበሪ፣ በውስተርና በግሎስተር አድርጎ 354 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ብሪስቶል ቻነል ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል። በተወሰኑ ቀናት ግን ባሕሩ ወንዙን ገፍቶ ሽቅብ ይመልሰዋል። ይህን ማዕበል እንግሊዞቹ ቦር ይሉታል።

ምክንያቱ የወንዙ አፍ ቅርጽ ነው። አቨንማውዝ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ሚንስተርወርዝ ሲደርስ ከ100 ሜትር ያንሳል። ወለሉም ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ከፍ እያለ ይሄዳል። ባሕሩ በጣም በሚሞላበት ቀን አቨንማውዝ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል 14 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ያ ሁሉ ውኃ እንደ ጥሩምባ በጠበበ ቦታ ሲጨናነቅ ፊቱ ይቆምና ማዕበል ይሆናል፤ አንዳንዴም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል።

መጀመሪያ ቀን ይምረጡ። ትልልቆቹ የሚመጡት ጨረቃ ከተወለደች ወይም ሙሉ ከሆነች ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በተለይ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪልና ከኦገስት እስከ ኦክቶበር። የትንበያ ሠንጠረዡ ለየቀኑ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ለባለ 1 ወይም ባለ 2 ኮከብ ሩቅ መንገድ መሄድ አያዋጣም፤ 4 እና 5 ይጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። አንዳንድ ሠንጠረዦች ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ይጻፋሉ፤ እንግሊዝ ግን ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ታደርጋለች። በኤፕሪል ሠንጠረዡ 9:30 ካለ ስልክዎ ላይ 10:30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:30። ይህን ያልጨመረ ሰው ቀድሞ ይደርስና ግማሽ ሰዓት ጠብቆ «ዛሬ የለም» ብሎ ይመለሳል። አስቀድሞ በተስተካከለ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ የጨመረ የሚደርሰው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ከሠንጠረዡ ግርጌ የተጻፈውን ያንብቡ። የሚያዩት ሰዓትም የቆሙበት ቦታ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለምሳሌ ወንዙ ዳር ያሉት ኒውነምና ኦቨር ብሪጅ ሰዓታቸው ይለያያል።

ያም ሆኖ ትንበያው 20 ደቂቃ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ ያፋጥነዋል፤ ዝናብ ወንዙን ከሞላው ደግሞ ይዘገያል፣ ቁመቱም ያንሳል። ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ሰዓቱ ካለፈም ግማሽ ሰዓት ይታገሱ።

ቦታ? ኒውነም ላይ ወንዙ ሰፊ ስለሆነ እይታው ያምራል፤ ማዕበሉ ግን ይበተናል። ሚንስተርወርዝ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጥሩ ነው። የሁሉም የበላይ ግን ስቶንቤንች ነው፤ ወንዙ ጠቦ ስለሚታጠፍ ማዕበሉ ዳርቻውን እየመታ ያልፋል።

ቆመው ሲጠብቁ ቡናማው ውኃ ጭራሮ ይዞ ቁልቁል ይፈሳል። ከዚያ ከመታጠፊያው ወዲያ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ድምፅ ይሰማል። ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይመጣል፤ መሐሉ ለስላሳ ጉብታ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ እየተሰበረ አረፋ ይደፍቃል። ከኋላው ትንንሾቹ ይከተላሉ። ቁልቁል ሲሄድ የነበረው ግንድ አሁን ሽቅብ ይነጉዳል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላም ውኃው አንድ ሰዓት ያህል መሙላቱን ይቀጥላል፤ በትልልቆቹ ቀናት ወንዙ ዳር ያሉ ጠባብ መንገዶችን ያጥለቀልቃል። መኪናዎን ከፍ ያለ ቦታ ያቁሙ። ፎቶ ለማንሳት ወደ ጭቃው አይውረዱ፤ ልጆችንም በእጅዎ ይያዙ። ጫማ ከሆነ ቦቲ ይሻላል፤ ዳርቻው በበጋም ያንሸራትታል።