ምክር ሲጠየቁ ደንበኛ መያዝ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን አካባቢ ታክስ እሠራለሁ። እዚህ አገር ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ የቤት ሽያጭ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያውቅ ሐበሻ የሚጠየቀው ቢሮው ብቻ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ፣ ልደት ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይጠየቃል። ወገን ለወገኑ መልስ ሲሰጥ ደስ ይላል። ግን መልሱ ሳይታወቀን ገበያ የሚሆንበት ቦታ አለ። የሙያ ባልደረቦቼ ሲስቱ ያየሁትን፣ እኔም የሳትኩትን ልጻፈው።

ከሁሉ የከፋው መልሱን ከግማሽ ቆርጦ ማስቀረት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከአይአርኤስ፣ ከፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የመጣ ደብዳቤ ከቦርሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ ይቺን እስቲ እያት» አሉኝ። ሲፒ 2000 የሚባለው ማስታወቂያ ነበር። ገለጥ አድርጌ አየሁና «እማማ፣ ይሄ ከበድ ይላል፤ ሰኞ ቢሮ ይዘውልኝ ይምጡ» ብዬ ካርዴን ሰጠኋቸው። ሰኞ አልመጡም። የምጠይቃቸው ገንዘብ አስፈርቷቸው ኖሯል። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ የመልሱ ቀን አለፈ።

ያን ቀን በሁለት ደቂቃ ልነግራቸው እችል ነበር። ሲፒ 2000 አሠሪ ወይም ባንክ ያስታወቀው ገቢ እርስዎ ካሳወቁት ጋር አልገጠመም የሚል ሐሳብ እንጂ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም። ያልተስማማ ሰው አብሮ በመጣው የመልስ ቅጽ ላይ አለመስማማቱን አመልክቶ ማስረጃውን አያይዞ ይልካል። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ካልበቃም ደውሎ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። መልስ ካልተሰጠ የሚከተለው ደብዳቤ ግን ሌላ ነው፤ ለታክስ ፍርድ ቤት አቤት ለማለት 90 ቀን ይሰጣል፣ ያ ቀን አይራዘምም። ይህን ነግሬያቸው ቢሆን እኔ ዘንድ ባይመጡም ራሳቸው ወይም ልጃቸው መልሱን ይጽፉት ነበር። ከዚያ ወዲህ መልስ ስሰጥ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ዳግመኛ ባያገኘኝ የነገርኩት ይበቃዋል?

የነጻ አገልግሎትን መደበቅም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ቪታ የሚባለው ፕሮግራም በበጎ ፈቃደኞች ታክስ በነጻ ይሠራል። ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ላለባቸው ደግሞ ለዝቅተኛ ገቢ ታክስ ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ፤ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይቆሙላቸዋል። እኚያ እናት በኋላ የዳኑት በእንዲህ ያለ ክሊኒክ ነው። እኔ ስለ ክሊኒኩ አውቅ ነበር፤ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

«ይሄ እስር ያመጣብሃል» ብሎ ማስፈራራት ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። የፈራ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ የሚያስፈራሩትም ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ጥቅምን አለመናገር ስውር ነው። «እዚያ ብድር ቤት ሂድ፣ ጎበዞች ናቸው» የሚል ሰው ከብድር ቤቱ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ምክሩ ማስታወቂያ ሆኗል። ቤት በብድር ሲገዛ ለአበዳሪ ደንበኛ ስለላኩ ብቻ ገንዘብ መቀበል በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ሬስፓ በተባለው የፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ በማይደርስበት ጉዳይም ቢሆን «አንተን ወደዚያ በመላኬ ኮሚሽን አገኛለሁ» ብላችሁ ንገሩት፤ ሰምቶ ይወስን።

የታክስ ባለሙያዎች ሳያስቡት የሚወድቁበት ሌላም አለ። ታክስ ስንሠራ የሰው ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደተወለዱ፣ ቤት መግዛቱን፣ ባንክ ያለውን ወለድ ሁሉ እናያለን። በመጋቢት ታክሱን ሠርቶ በሰኔ «ልጆችህን ስላየሁ የሕይወት ኢንሹራንስ ላዘጋጅልህ» ብሎ የሚደውል አለ። ለደዋዩ መተሳሰብ ሊመስለው ይችላል። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። ለታክስ ተብሎ የተሰጠንን መረጃ ባለቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልፈቀደ ሌላ ነገር ለመሸጥ መጠቀም በታክስ ሕጉ አንቀጽ 7216 ወንጀል ነው፤ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ቢሮ ሳይገባ ጆሯችን ላይ የተነገረን ምስጢርም ቢሆን ከዚህ ያነሰ አደራ ሊሆን አይገባም።

ተከትሎ መደወልም አለ። ሰውየው አመስግኖ ሄደ፤ ጥያቄው እዚያ አልቋል። በሳምንቱ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ለዘመድ ያምራል፣ ዋጋ ይዞ ለሚደውል ግን አያምርም። በተለይ ለቅሶ ቤት ካርድ የምታድሉ ኢንሹራንስ ሻጮች፣ እባካችሁ ተዉት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ሲለመን ሰምቶ የተደናገጠ ቤተሰብ በዚያ ሰዓት የፈረመውን ውል በኋላ ሳያነበው ሲከፍል ይኖራል።

በተቃራኒው ከሙያችን አልፈን በነጻ መምከራችንም ይጎዳል። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በመሠረቱ አገር በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት እንዳለበት መንገር መልካም ነው። «አንተ ኬዝህን እንዲህ ብለህ አቅርብ» ማለት ግን የሕግ ምክር ነው፤ የሚፈቀደውም ለጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና ለሰጠው ተወካይ ነው። አስተርጓሚም፣ ፎርም የሚሞላም፣ እኔም እዚያ ላይ ማቆም አለብን።

ይህን ሁሉ ሰምተው ሥራቸውን መናገር የሚያፍሩ ወጣት ባልደረቦች አሉኝ። እሱም አያስፈልግም። ሰው ራሱ «አንተ ትሠራዋለህ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ቀላል ነው፦ «አዎ፣ እሠራለሁ፤ የማስከፍለው ይሄን ያህል ነው። በነጻ የሚሠሩም አሉ፣ ስልካቸው ይኸው። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ግን እንዳያልፍብዎት።»