ራውተሩን ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ስቲከሩን ፎቶ አንሱት

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሁለተኛው ወር ከአንድ አበሻ ላይ ያገለገለ ራውተር በ20 ዶላር ገዛሁ። የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠው ሳጥን ሳሎን ነው ያለው፤ ዋይፋዩ መኝታ ቤት አይደርስም። ሁለቱን በኬብል አገናኘኋቸው። ስልኬ ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር ይያያዛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ማታውን ሙሉ ስታገል አደርኩ።

ኢንተርኔት እምቢ ሲል መጀመሪያ ከሶኬት ነቅሎ አንድ ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ነው። ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ሪስታርት ነው፣ የሚጠፋ ነገር የለም። ሪሴት ግን ሌላ ነው። የዋይፋይ ስሙንም ፓስወርዱንም ያስገባችሁትን ሁሉ ጠራርጎ ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ግን የግድ ነው፤ የድሮው ባለቤት ፓስወርድ ውስጡ አለ። ቤት ተጋርታችሁ ከሆነ የጋራውን ራውተር ሳትጠይቁ እንዳትነኩት። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ ድርጅቱ የሰጣችሁን ዩዘር ኔምና ፓስወርድ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ሪሴት እሱንም ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚያ ከታች ወይም ከኋላ የተለጠፈውን ስቲከር ፎቶ አንሱት። የመግቢያ ቁጥሩም ፓስወርዱም እዚያ ላይ ነው። ራውተሩ በርቶ ሳለ ሪሴት የሚል ትንሽ ቀዳዳ ፈልጉ። ስትመጡ ሲም የቀየራችሁባት መርፌ ልክክ ትላለች። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም እስኪሉ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ተዉት።

ሪሴት ካደረግኩ በኋላም የኔ አልሠራም። ምክንያቱ አድራሻው ነበር፤ ማለትም እያንዳንዱ ሳጥን የሚታወቅበት ቁጥር።

በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለቤት ውስጥ የተተዉ ናቸው። እንደ ኮንዶሚኒየም ቤት ቁጥር አስቡት። ብሎክ 12 ላይም ብሎክ 40 ላይም ቤት ቁጥር 5 አለ፣ ማንም አይሳሳትም። አንድ ብሎክ ላይ ሁለት ቤት ቁጥር 5 ካለ ግን ምሳ ዕቃ አመላላሹ ግራ ይጋባል። የኔ ሁለት ሳጥኖች ሁለቱም 192.168.1.1 ነበሩ። አንዳንድ አዳዲስ ራውተሮች ግጭቱን አይተው ራሳቸው ይቀይራሉ፤ የ20 ዶላሩ ግን አይቀይርም።

የምትቀይሩት የራሳችሁን ነው፣ የድርጅቱን ተዉት። ከራሳችሁ ዋይፋይ ጋር ተያያዙና በብሮውዘሩ ላይኛው መስመር ስቲከሩ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ጎግል መፈለጊያው ላይ ከጻፋችሁት የማስታወቂያ መዓት ነው የሚያመጣላችሁ። የስልካችሁን ዳታም አጥፉ። ስልክ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ ዝም ብሎ ወደ ዳታ ይሄዳል፣ የራውተሩ ሴቲንግ ገጽም አይከፈትም። እኔን ይቺ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጅታብኛለች።

ገብታችሁ ላን (LAN፣ የቤት ውስጥ ኔትወርክ) የሚለውን ፈልጉ። 192.168.1.1 የነበረውን 192.168.50.1 አድርጉት። ሦስተኛው ቁጥር ከድርጅቱ ሳጥን መለየቱ ነው ዋናው። 255.255.255.0 የሚለውን አትንኩ። እዚያው ገብታችሁ ሳለ መግቢያ ፓስወርዱንም ቀይሩት። ይህ ሁሉ ጣጣ የሚደክማችሁ ከሆነ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ካለ እሱን ምረጡ፤ ራውተሩ ዋይፋይ ማከፋፈያ ብቻ ይሆናል፣ የአድራሻ ግጭትም የለም። አሁን ቢሆን እኔ እሱን ነበር የምመርጠው።

ሴቭ ስትሉ ገጹ ይደርቃል። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የምታንኳኩት የድሮውን በር ስለሆነ ነው። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩና በአዲሱ ቁጥር ግቡ። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ አበላሸሁት ብዬ፣ ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ እንደገና ሪሴት አድርጌዋለሁ።